የአማቴ ስምና የሞስኮው ትራምቫይ

ግንቦት 6 ቀን 1958 ዓ.ም.

ከገበያ ስመለስ አህመድ ሱቅ ገብቼ ይህን ደብተር ገዛሁ። «ለመስኮብኛው ነው?» አለኝ እየሳቀ። ለማንም ሳልናገር ሆሳዕና በሙሉ አውቆታል ማለት ነው። እንግዲያው ደብተሩም ይወቀው። ከክሊኒካችን ድሬሰሮች መካከል ለአዋላጅነት ትምህርት ወደ ሞስኮ እንድትላክ የታጨችው እኔ ነኝ፣ ገነቴ። ግን መታጨት ብቻ ነው። በሐምሌ አዲስ አበባ ሄጄ በሩሲያ ቋንቋ እፈተናለሁ። መንገድ ጠይቄ፣ ተሳፍሬ፣ ያለ መሪ ትምህርት ቤቴ መድረስ እንደምችል ማሳየት አለብኝ። ካላሳየሁ ቦታው ለሌላ ይሰጣል።

ሩሲያኛ የሚያውቅ ሰው እዚህ አንድ ብቻ ነው፤ የአውራጃው ጽሕፈት ቤት ጸሐፊ አቶ ኃይለሚካኤል። ለትምህርት ሄደው አንድ የበረዶ ወራት ቆይተው ተመለሱ። «ብርዱ ለሳንባዬ አልተስማማም» ይላሉ። ሳንባቸው ግን ከመዘምራኖቻችን ሁሉ ይበልጣል፤ ሲጣሩ ገበያ ድረስ ይሰማል።

ግንቦት 9

የመጀመሪያው ትምህርት። አቶ ኃይለሚካኤል በረንዳቸው ላይ ሁለት አግዳሚ ወንበር ደርድረው «ይኸውልሽ ሞስኮ» አሉኝ። ያኔ ማደሪያቸው ከትምህርት ቤቱ ሩቅ ስለነበር ቋንቋውን የለመዱት መንገድ ላይ ነው። ዳቦ ምን እንደሚባል ብጠይቃቸው ራሳቸውን አከኩ። ስለ መሳፈር ግን የማያውቁት የለም። ባለቤታቸው ወይዘሮ ሙሉመቤት ተሳፋሪ ሆነው አጠገቤ ተቀመጡና በክርናቸው ጎሸም አደረጉኝ። «እንዲህ ነው አሉ የሚገፉት፤ ከአሁኑ ልመጂው።»

ከሁሉ የወደድኩት ይህን ነው። ሰው ሲበዛ ወደ ቲኬቱ ሣጥን መድረስ አይቻልም። ስለዚህ ሳንቲምሽን ከፊትሽ ለቆመው ሰው ትሰጪና «ፔሬዳይትዬ፣ ፓዣልስታ» ትያለሽ። እባክዎ ያቀብሉልኝ ማለት ነው። እሱ ለሌላው ያቀብላል፣ ሌላውም ለሌላው። ቲኬቱም በዚያው መንገድ ከእጅ ወደ እጅ ተመልሶ ይመጣል።

«ማንም አያስቀርም?» አልኩ።

«ማንም።»

እግዜር የለም የሚሉት ሰዎች እንዲህ ካደረጉ እኛ እሁድ እሁድ ምን እየሠራን ነው? ይህን ለአቶ ማቴዎስ አልነግራቸውም። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ናቸው፤ ስለ ሞስኮ ሲነሣ ፊታቸው ይጠቁራል።

ከዚያ ያ ቃል መጣ። «የተሳፈርንበት ነገር ትራምቫይ ይባላል። በሐዲድ ይሄዳል። በይ።»

አፌ ተዘጋ።

«በይ እንጂ!»

ውሃ ጠማኝ ብዬ ተነሣሁ።

ግንቦት 9፣ ማታ

ብዕር አፍ የለውም፤ ስለዚህ እዚህ ልጻፈው። የባሌ እናት፣ እማ የምላቸው፣ ስማቸው ትርፊት ነው። ይኸው ጻፍኩት። ጣራው አልወደቀም።

እኔ የከምባታ ልጅ ነኝ፣ ዳምቦያ ተወልጄ ያደግኩ። በእኛ ዘንድ ያገባች ሴት የአማቶቿን ስም አትጠራም። ስማቸው በሚነሣበት ክፍለ ቃል፣ ለእኔ በ«ትር»፣ የሚጀምር ሌላ ቃልም ከአፏ አይወጣም። ባሊሻ ይባላል። ልጅ የእናቷን ስም ብትጠራ ማንም ግድ አይሰጠው፤ የታሰረችው ምራት ናት። ነጋዴው «ትርፍ» የሚለውን እኔ «የተረፈው» እላለሁ። «ትርጉም» የሚሉትን «ፍች» እላለሁ። ካገባሁ ጀምሮ እንዲህ ስናገር በክሊኒክም በገበያም ማንም አላወቀብኝም። ቃል ሞልቷል፤ በአንዱ ስትከለከይ በሌላው ትዞሪያለሽ። አሁን የሞስኮ ሰዎች ከዓለም ቃል ሁሉ መርጠው መሳፈሪያቸውን በእማ ስም መነሻ ይሰይሙት?

ሚስዮን ትምህርት ቤት ሳለን «ይህ የድሮ ነገር ነው፣ በክርስቶስ ነጻ ናችሁ» ይሉን ነበር። እጄን አውጥቼ «አዎ» ያልኩት እኔው ነኝ። አፌን ማን እንደያዘው እንጃ። እማን ፈርቼ አይደለም። እማ በረንዳው ላይ አልነበሩም። ባሌን አሳምነውንም ተስቦ ከወሰደው ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ማን ይሰማኛል?

ግንቦት 20

ሥራ በዛ። ከሀቢቾ አንዲት ወላድ በቃሬዛ አመጡ። ሌሊቱን ሙሉ መንገድ ላይ ነበሩ። እሷ ዳነች፤ ልጁ አልዳነም። ባሏ ሲወጣ ቆም ብሎ «የሚያውቅ ሰው ቢኖር ይተርፍ ነበር?» አለኝ። «አዎ» አልኩት።

ዛሬ አላጠናሁም።

ግንቦት 27

ቅዳሜ። ቅቤ ተራ ጀርባዬን ሰጥቼ ስቆም የሰማሁት፦

«የትርፊት ምራት አገር ልትለቅ ነው አሉ።»

«ወዴት ትሄዳለች፣ አበራ እያለ!»

አበራ የባሌ ታናሽ ወንድም ነው፤ አህመድ ሱቅ ጨርቅ እየለካ ይሸጣል። በደንቡ ዋርሳዬ ነው፤ ባሏ የሞተባት ሴት ከቤቱ እንዳትወጣ ወንድም ያገባታል። ሰው ሁሉ የሚጠብቀው ይህንኑ ነው። ሳገባ ጊዜ እከኩን በሳሙና ያሸሁለት ልጅ! አቶ ማቴዎስም ነገሩን ይዘውታል ይባላል። ባሊሻን «የድሮ ነገር» የሚሉት ሰው ዋርሳን ግን መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ አገኙት።

እማ ምን ያስባሉ? አልጠየቅኩም። እሳቸውም አልነገሩኝም። ሁለት ዱዳዎች አንድ ቤት እየኖርን ነው።

ሰኔ 4

እማ ከገበያ ሲመለሱ ቅቤያቸውን ሸጠው አንድ ወፍራም ካፖርት ገዝተው ገቡ። የሱፍ ነው፣ ጥቁር፣ አንገቱ ላይ ጠጉር ያለው። በሆሳዕና ብርድ ይህን የሚለብስ ማን ነው? ለአበራ ሰርግ እየተሰናዱ ይሆናል። ምንም ሳይሉ ሣጥናቸው ውስጥ ከተቱት። 

ሰኔ 11

ቆጮ ስከትፍ ለራሴ «ቪ ቪሆዲትዬ? ቪ ቪሆዲትዬ?» እላለሁ። ይወርዳሉ ወይ ማለት ነው። ከመውረጃሽ በፊት ከፊትሽ የቆመውን ሰው እንዲህ ብለሽ ትጠይቂያለሽ፤ የሚወርድ ከሆነ አብራችሁ ትወጣላችሁ፣ ካልሆነ ያሳልፍሻል። መግፋትም መጣላትም የለም።

እማ ከኋላዬ ቆመው ኖሯል። በከምባትኛ «አሮጊት ስትገባ ይነሡላታል?» አሉኝ።

«ይነሣሉ፣ አቶ ኃይለሚካኤል ነግረውኛል።»

«እንግዲያው ሰው ናቸው» ብለው ወደ ጓዳ ገቡ። ለምን እንደጠየቁ አልገባኝም። አንድ ጊዜ እንኳ «ሂጂ» ወይም «ቅሪ» ቢሉኝ ምን አለበት!

ሰኔ 18

ዛሬ ከአቶ ኃይለሚካኤል ጋር ልንጣላ ነበር። ያቺን ቃል በሄድኩበት ሁሉ እዞራታለሁ። «ቀዩ ቫጎን» እላለሁ፣ «በሐዲዱ የሚሄደው» እላለሁ።

«ልጄ፣ ጠፍተሽ ፖሊስ ስትጠይቂ እንቆቅልሽ ልታቀርቢለት ነው? ፖሊሱ እስኪፈታው ቆሞ አይጠብቅሽም!»

ወይዘሮ ሙሉመቤት ዓይን ዓይኔን አዩኝና «ኧረ ተዋት» አሉ። «የአማቷን ስም ነው የምትሸሸው። የሰው ደንብ አይታይህም እንዴ?»

አቶ ኃይለሚካኤል ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያልጠበቅኩትን ተናገሩ። «እኔ እዚያ ሰው ስጠይቅ አፍር ነበር። መንገድ ከመጠየቅ በእግሬ እሄድ ነበር። ክፍል ሳልገባ የቀረሁበት ቀን ብዙ ነው።» ስለ ሳንባቸው አላነሡም። እኔም አላነሣሁም።

ሐምሌ 7

አውቶቡሱ ጭቃ ውስጥ ገብቶ ቆመ። ሁላችንም ወርደን ገፋን። ረዳቱ ወንዱንም ሴቱንም እኩል ይሰድባል። አዲስ አበባ ስንደርስ በሩ ላይ ለተገተሩ አንድ ወፍራም ሰውዬ «ቪ ቪሆዲትዬ?» አልኳቸው። «አሜን፣ ተባረኪ» ብለው አሳለፉኝ። ሳቄን እስከ ማረፊያዬ ድረስ ይዤው ሄድኩ። ነገ ሳይሆን ከነገ ወዲያ ነው። አልፋለሁ።

ሐምሌ 9

አላለፍኩም። አልወደቅኩምም። ምን እንደሆንኩ እኔም አላውቅ።

ፈታኟ ሩሲያዊት ናት፣ ጠና ያለች፣ አንድ የወርቅ ጥርስ ያላት። አጠገቧ ከመሥሪያ ቤት የመጣ፣ ከረባት ያሰረ አስተርጓሚ ነበር። መጀመሪያው መልካም ሄደ። መንገድ ጠየቅኩ፤ ቲኬት ቆረጥኩ፤ «ያቀብሉልኝ» አልኩ። ሴትዮዋ ሳንቲሜን ተቀብላ ለአስተርጓሚው አቀበለችው፤ ሳቅን። ከዚያ ሥዕል አወጣች። ጎዳና፣ ሰው፣ መሐል ላይ ያ ቀዩ ነገር። «ሽቶ ኤታ?» ይህ ምንድን ነው?

ዞርኩ። «ቫጎን» አልኩ። «ቀይ ቫጎን። በከተማ ውስጥ በሐዲድ ይሄዳል። ብዙ ሰው ይይዛል።» አስተርጓሚው «ቃሉን አታውቀውም» አለና ፈገግ አለ። «አውቀዋለሁ» አልኩት በአማርኛ፤ እርሳስ ተቀብዬ በእነሱው ፊደል ጻፍኩላት። ሴትዮዋ አነበበችው። በጣቷ አፏን ነካ ነካ አድርጋ፣ አሁን ደግሞ በአፍሽ አለችኝ።

እማ ከዚያ ክፍል የአንድ ሙሉ ቀን መንገድ ያህል ይርቃሉ። ማንም ከምባትኛ የማይሰማበት ቤት ነው። ግን ልለው አፌን ስከፍት አሳምነው ታየኝ። ምን ምክንያት አለው? እሱ እኮ ባሊሻዬን እያየ «ዛሬ ደግሞ በየት ልትዞሪ ነው?» እያለ ያሾፍብኝ ነበር። አፌን ዘጋሁ።

ነገሩን ለአስተርጓሚው አስረዳሁት፤ እሱም ለእሷ። አልሳቀችም። ብዙ አሰበችና እንዲህ ብላ አስነገረችኝ፦ «የራስሽን ሕግ አልነካም። ነገር ግን እኔ ሌሊት ምጥ ያለባት ሴት ዘንድ የምትሮጥ አዋላጅ ነው የምልከው። አዋላጅ የምትፈልገውን ነገር ጮኻ መጥራት አለባት። በነሐሴ መጨረሻ ተመለሽ። ያኔ በአፍሽ ትነግሪኛለሽ፤ ካልሆነ ሌላ ሰው እወስዳለሁ።»

ሐምሌ 10

ደደብ። ደደብ ነኝ። አንዲት ቃል! የሀቢቾው ሰውዬ ይህን ቢሰማ ምን ይለኛል?

ሐምሌ 24

ለእማ «ሌላ ፈተና ቀርቶኛል» አልኳቸው። ውሸት አይደለም። እውነትም አይደለም። ራሳቸውን ነቀነቁና «ቁሚ» አሉኝ፤ ያንን ካፖርት ከሣጥን አውጥተው በትከሻዬ ላይ ለኩት። እጅጌው ረዘመ። «ይታጠፋል» አሉ። የአበራ ሙሽራ በእኔ ቁመት ናት ማለት ነው? ወይስ ሙሽራዋ እኔው ነኝ? 

አበራ ራስ ምታት አመመኝ ብሎ ክሊኒክ መጣ። ምንም አላመመውም። አስፕሪኑን እጁ ላይ እያገላበጠ «ገነቴ፣ እኔ አላልኩም» አለ። «አቶ ማቴዎስ ናቸው። በነሐሴ ሽማግሌ ይዘው እማ ዘንድ ይመጣሉ።» ዶዮገና የሚወዳት አንዲት ልጅ አለች፤ ስሟን ሲነግረኝ ጆሮው ድረስ ቀላ።

«ታዲያ ለእማ ለምን አትነግራቸውም?»

«አንቺስ ለምን አትነግሪያቸውም?»

አስፕሪኑን አስመለስኩት።

ነሐሴ 3

ዝናብ። ወይዘሮ ሙሉመቤት ጃንጥላ ይዘው ወደ ቤታችን ሲሄዱ ከሩቅ አየኋቸው። እኔ ስደርስ ሄደዋል። እማ ምድጃው አጠገብ ተቀምጠዋል። ቀና ብለው አዩኝ፤ ረጅም ጊዜ አዩኝ። የፈተናውን ነገር ለወይዘሮ ሙሉመቤት ነግሬያቸው ነበርና ለእማ ምን ነግረዋቸው ይሆን? ሁሉን ነግረዋቸዋል። እርግጠኛ ነኝ። በእሳቸው ስም የተነሣ እንደቀረሁ አወቁ። እራት አልበሉም። እኔም አልበላሁም። አቤቱ፣ በገዛ አማቴ ላይ ፈተና አምጥቼ ጫንኩባቸው።

ነሐሴ 8፣ እሁድ

ሁሉንም ልጽፈው ነው።

ከቤተ ክርስቲያን በኋላ ሽማግሌዎቹ መጡ። አቶ ማቴዎስ መሐል፣ ሌሎች ሁለት ግራና ቀኝ። አበራ በሩ አጠገብ ቆሞ መሬት መሬት ያያል። እኔ እንደ ደንቡ ጓዳ ገብቼ ከመጋረጃው ኋላ ቆምኩ። አቶ ማቴዎስ ጸለዩ። ከዚያ የሙት ወንድም ቤት እንዳይዘጋ መጽሐፍ ያዘዘውን ጠቀሱ። ልጅቱ ወጣት መሆኗን፣ መስኮብ እግዜርን የካደ አገር መሆኑን፣ አበራ ጨዋ መሆኑን አንድ በአንድ ተናገሩ። እማ ጣልቃ ሳይገቡ አስጨረሷቸው።

«ጨረሳችሁ?» አሉ እማ።

«ጨርሰናል፣ ትርፊት።»

«ገነቴ፣ ነይ ውጪ።»

ወጣሁ። እንደ ልማዴ ነጠላዬን ወደ ፊቴ ሳብ አድርጌ፣ ዓይኔን ጥዬ ቆምኩ።

«በመስኮብ አገር በሐዲድ የሚሄድ፣ ሰው የሚሳፈርበት ነገር አለ አሉ። ስሙ ማን ነው?»

ነጠላዬን አፌ ላይ ያዝኩ።

«ለሩሲያዊቷ አልነገርሻትም። ለእኔ ንገሪኝ።»

«እማ፣ አይሆንም…»

«ይሆናል። ስሙ የእኔ ነው፣ ፈቃጅዋ እኔ ነኝ። ቀና በይና እያየሽኝ በይው።»

ቀና አልኩ። ስድስት ዓመት አብሬያቸው ኖሬ ዓይናቸውን እንዲህ አይቼው አላውቅም። አሳምነውን ይመስላሉ። እንዴት ሳላውቅ ቀረሁ? ልክ የእሱ ዓይን ነው።

«ትራምቫይ» አልኩ።

ድምፄ አልወጣም። እማ ጆሯቸውን አዘነበሉ። «አልሰማሁም። አቶ ማቴዎስም አልሰሙም።»

«ትራምቫይ!»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ «ኧረ!» ብሎ ተነሣ። አቶ ማቴዎስ እንኳ፣ ባሊሻን የድሮ ነገር የሚሉት፣ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። እማ ግን አልደነገጡም። ክንዴን ይዘው አጠገባቸው አስቀመጡኝ። ምራት የማትቀመጥበት ቦታ ላይ፣ እግር ለእግር ተጠጋግተን።

«ሰማችሁ» አሉ። «ምራት ይህን በአማቷ ፊት አትልም። በእናቷ ፊት የምትል ልጅ ናት። እንግዲህ ይቺ ልጄ ናት። ያ በሩ ላይ የቆመውም ልጄ ነው። እህትን ለወንድም የሚድር መጽሐፍ ካለ፣ አቶ ማቴዎስ፣ ያንብቡልኝና ልስማ።»

ማንም አላነበበም። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድብ ነበር። ከዚያ አበራ ሳቁ አመለጠው፤ ቀጥሎም አለቀሰ፤ በመጨረሻ ዝናቡ ውስጥ ወጥቶ ሮጠ። ወደ ዶዮገና በእግሩ ሳይሄድ አይቀርም።

ሽማግሌዎቹ ሲሄዱ እማ ማውራት አልቻሉም። ጠንካራ የመሰሉኝ ሴትዮ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቁ። እኔም አሳምነው ሲቀበር ያላለቀስኩትን ሁሉ አለቀስኩ። ስድስት ዓመት ያከበርኩትን ደንብ ሳፈርስ ከእሱ ጋር የቀረኝን የመጨረሻ ነገር የጣልኩ መስሎኝ ነበር። አልጣልኩም። ሚስትነቴ ቢያልቅም ከቤቱ አልወጣሁም።

ነሐሴ 27፣ አዲስ አበባ

ሴትዮዋ ሥዕሉን ከማውጣቷ በፊት ተናገርኩት። ደግሜ፣ ደጋግሜ ተናገርኩት፤ እጇን አንሥታ «በቃ፣ በቃ» እስክትለኝ ድረስ። የወርቅ ጥርሷ ታየ። አስተርጓሚው በመሐሉ ምን እንደተፈጠረ እንዲያስረዳት ጠየቀችው፤ እሱ ግን አያውቅም።

ራሴ ልመልስላት ብዬ ቃል ፈለግኩ። ከአቶ ኃይለሚካኤል በረንዳ የተማርኩት ሁሉ ስለ መሳፈር ነው፤ ለዚህ የሚሆን አልነበረም። አንዲት ቃል ብቻ አገኘሁ፤ ያቺን በየትኛውም አገር ሰው የሚያውቃት ይመስለኛል።

«ማማ» አልኳት።

እሷም ገባት። መነጽሯን አውልቃ ጠረገችና ወረቀቴ ላይ ፈረመች።

አልፌያለሁ። ነገ በጠዋቱ አውቶቡስ ወደ ሆሳዕና እመለሳለሁ። ከሌላ ሰው ሳትሰማ እኔው ራሴ ለእማ ልነግራት እፈልጋለሁ።